ቅጠሉስ አለ፣ ልኩ የት አለ?

በእኛ ዲፓርትመንት ስለ ፀረ-ተባይ ኬሚካል ጉዳት ሳይወራ የሚያልፍ ሴሚስተር የለም። ዲዲቲ እንዲህ አደረገ፣ ማላታዮን እንዲህ አደረገ፣ ንብ አለቀ፣ ውሃ ተበከለ እንላለን። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣና «ለምን የአገራችንን ቅጠላ ቅጠል አንጠቀምም?» ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ክፍለ ጊዜውም ያልቃል። እኔ በበኩሌ በሐሳቡ እስማማለሁ። የማልስማማው ነገሩ እዚያ ላይ በማለቁ ነው። ገበሬው እኮ «ቅጠል ተጠቀም» ሲባል ወዲያው የሚጠይቀው አለው፤ የቱን ቅጠል? ስንት? በስንት ውሃ? ለስንት ቀን? እነዚህን ካልመለስን የሰጠነው ምኞት እንጂ ምክር አይደለም።

ጉዳዩ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ አይደለም። በቆሎ አምራቹ ገበሬ ምርቱን ጎተራ ካስገባ በኋላ ነቀዝ የሚባል ሌላ ጠላት ይጠብቀዋል። ነቀዙን ፈርቶ በአጨዳ ሰሞን ቶሎ ከሸጠ በርካሽ ይሸጣል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ላስቀምጥ ካለ ከገበያ ዱቄት መድኃኒት ወይም እንክብል ይገዛል። እንክብሉ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጆንያው በአንድ ጥግ፣ ልጆቹ በሌላው ጥግ በሚያድሩበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ሌላ አማራጭ መፈለጋችን ተገቢ ነው።

አማራጩም ተረት አይደለም። ኒምን እንውሰድ። ዛፉ ከህንድ አካባቢ የመጣ ቢሆንም ዛሬ በድሬዳዋ፣ በጋምቤላና በሌሎች ቆላማ ቦታዎቻችን ለጥላ ተተክሎ እናየዋለን። በ1959 (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሃይንሪሽ ሽሙተረር ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ አካባቢውን ሲያራቁት የኒም ዛፎቹን ግን ሳይበላ ትቶ ሲሄድ ተመለከተ። በ1968 ደግሞ አዛዲራክቲን የተባለው ዋናው ውህድ ከፍሬው ተለይቶ ወጣ። ውህዱ ነፍሳቱ እንዳይበሉ ያደርጋል፤ ትሉም ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ሆርሞኑን ያዛባል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኒም እንደ ኬሚካሉ ወዲያው ዘርግቶ አይጥልም። ማታ የረጨ ገበሬ ጠዋት ሲመጣ ትሉ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ከሌለ «ይሄማ ውሃ ነው!» ብሎ ይተወዋል፣ ለጎረቤቱም ያወራል። መድኃኒቱ ሳይሆን መረጃው ጎድሎት ነው።

በሌላ በኩል «ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል በጣም ያሳስበኛል። ይህ ፈጽሞ ስህተት ነው። ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከተክል የተገኘ ነው፤ ግን በቆዳ ገብቶ ሰው ይመርዛል። ብርብራንም ሁላችንም እናውቃለን። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ በዚህ ዘዴ ዓሣ ሲጠመድ ኖሯል። በፍሬው ውስጥ ሮተኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሚሠራውም ሴሎች በኦክስጅን ተጠቅመው ኃይል እንዳያመነጩ በማገድ ነው። በ2000 በወጣ ጥናት ሮተኖን ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው የላብራቶሪ አይጦች የፓርኪንሰን በሽታን የሚመስል ምልክት አሳይተዋል። እንግዲህ የብርብራ ዱቄት ጎመን ላይ ረጭቶ ባልዲውን ወንዝ ውስጥ የሚያጥብ ሰው «የተፈጥሮ ነው» ስላልነው ከታች ያለው ዓሣ አይተርፍለትም። ኬሚካሉ ቢያንስ ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለው፤ ቅጠሉ ግን ምንም አልተጻፈበትም።

ወደ ልኩ እንምጣ። በኒም ዛፍ ውስጥ አዛዲራክቲን በብዛት የሚገኘው በፍሬው እምብርት እንጂ በቅጠሉ አይደለም። መጠኑም ከዛፍ ዛፍ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፍሬው በጥላ ሳይሆን በፀሐይ ከደረቀ ወይም ከሻገተ ይበላሻል። ከተረጨ በኋላም ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያፈርሰዋል። በብዙ አገር የሚመከረው አሠራር 50 ግራም የተፈጨ የፍሬ እምብርት በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ማጥለልና ጥቂት ሳሙና ጨምሮ ወደ ማታ መርጨት ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው ቤት 50 ግራም የሚመዝን ሚዛን የት አለ? ስንት እፍኝ ነው? ስንት የሻይ ብርጭቆ ነው? ይህን ለክቶ የሚነግረው እኛ ካልሆንን ማን ሊሆን ነው?

እስቲ የራሳችንን የመመረቂያ ጥናቶች እንይ። ከእጽዋት በሚዘጋጅ ፀረ-ተባይ ላይ ሲሠራ የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ወይም በአሴቶን ይዘፈዘፋል። ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ነቀዝ ይገባል፣ በ24 ሰዓት፣ በ48 ሰዓት፣ በ72 ሰዓት የሞተው ይቆጠራል። በአቦት ቀመር ይስተካከላል፣ ሰንጠረዥ ይወጣል፣ «ተስፋ ሰጪ ነው» ይባላል። በቃ፤ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ለመሆኑ ሜታኖል ያለው ገበሬ አለ? ሜታኖል ከቅጠሉ የሚያወጣውን ሁሉ ውሃ አያወጣውም። ስለዚህ በሜታኖል የተገኘውን ውጤት ይዘን «ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፈህ እርጭ» ብንለው ያልሞከርነውን ነገር እየነገርነው ነው። የፔትሪ ዲሹ ሥራ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። መነሻ እንጂ መድረሻ አይሁን ነው የምለው።

በዚህ ረገድ ከእንዶድ ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር የለም። እንዶድ የሚገድለው ነፍሳትን ሳይሆን ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ምርምራቸውን ጀመሩ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ የተሠራው ጥናት ብቻውን አይበቃም ተባለ፤ የመርዛማነቱ ጥናት በውጭ ላብራቶሪዎች እንዲሠራ ተጠየቀና ብዙ ዓመታት አለፉ። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ነገሩ ፍትሐዊ ነበር አልነበረም ብለን መከራከር እንችላለን። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን የደህንነት መረጃ ቢዘገይም መጠየቁ እንደማይቀር ነው። በአገራችንም በ2010 የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ ለገበያ እንዳይቀርብ አዟል። መረጃውን ከመጀመሪያው ይዞ መነሳት ይሻላል።

የሚቃወሙኝም አሉ። «ገበሬው ቅጠል ሲወቅጥ ሊውል ነው እንዴ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። በሄክታር 300 ሊትር ይረጫል ብንል በ50 ግራም ሂሳብ 15 ኪሎ የተፈለፈለ የኒም ፍሬ ይፈልጋል፤ ያውም ለአንድ ጊዜ ርጭት። ስለዚህ ለሰፋፊ የስንዴ ማሳ ይሆናል ብዬ አልከራከርም። ከ2019 እስከ 2021 እንደደረሰብን ዓይነት የአንበጣ መንጋ ሲመጣም በባልዲ የተዘፈዘፈ ቅጠል አያቆመውም። ቦታው ጓሮ ነው፤ የጎመንና የቲማቲም መደብ፣ የዘር እህል፣ ትንሽ ጎተራ። በ2017 አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም በቆሎው መሃል ቅጠሉ በተጠቀለለበት ስለሚደበቅ፣ አነስተኛ ማሳ ያለው ሰው የተጠቃውን አገዳ እየለየ እዚያው ላይ ጠብ ማድረግ ይችላል። የት እንደማይሠራ በግልጽ መናገር የት እንደሚሠራ ስንናገር እንድንታመን ያደርገናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በእጽዋት ፀረ-ተባይ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ከሌላው ጋር በውሃ የተዘጋጀውንም ይሞክር። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በፐርሰንት ብቻ ሳይሆን በጣሳና በብርጭቆ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ነቀዝ መግደሉ ብቻ አይበቃምና በንብና በዓሣ ላይ የሚያደርሰው፣ የዘሩ አበቃቀል፣ የእንጀራውና የቂጣው ጣዕም ይታይ። መራራ እህል ማንም አይበላም። አራተኛ፣ ሙከራው ከፔትሪ ዲሽ ወጥቶ እውነተኛ ጎተራ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ። አምስተኛ፣ ያልሠራውም ይጻፍ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ባች ያንኑ ቅጠል እንደገና ሲፈጭ ይከርማል።

ከገበሬውም እንማር። በቆሎን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል። አመድ መቀላቀልም እንዲሁ። እነዚህን ያገኙት እናቶቻችን ላብራቶሪ አልነበራቸውም፤ ግን ልኩን ያውቁታል፤ የሚሠራበትን ጎተራም ያውቁታል። የእኛ ድርሻ የሚያውቁትን መዝነን፣ ጉዳቱንም መርምረን መመለስ ነው።

ሐሳቤ ይህ ነው። የማትስማሙ መምህራንም ሆናችሁ ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንከራከርበት። በዚህ ዓመት ርዕስ የምትመርጡ የተመራቂ ክፍል ተማሪዎች ግን ሜታኖሉን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ቅዱ።