ከወጥ ቤት ዘይት የሚሠራ ነዳጅና በውስጡ የሚኖሩት

ነዳጅ መርዝ ስለ ሆነ በውስጡ ሕይወት ያለው ፍጡር ሊኖር አይችልም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

እ. ኤ. አ. በ2017 በሎንዶን ከተማ፥ ዋይትቻፕል በሚባለው ሠፈር፥ ከመሬት በታች ባለው የፍሳሽ መውረጃ ውስጥ 250 ሜትር የሚረዝምና 130 ቶን የሚመዝን ግግር ተገኘ። ይህም ሕዝቡ በየቤቱ ወደ ቧንቧ ከደፋው ዘይትና ስብ፥ ከጣለውም ጥራጊ የተጠራቀመ ነበር። ሠራተኞች እየፈረከሱ ካወጡት በኋላ ከፊሉ መኪና የሚነዳ ነዳጅ ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ነዳጅ አንድ ድካም አለበት፤ ይኸውም ከመሬት ከሚወጣው ናፍጣ ይልቅ ውሃን አብልጦ መሳቡ ነው። ውሃው ከማጠራቀሚያው ግርጌ ሲረጋ፥ ባክቴሪያና ሻጋታ በውሃውና በነዳጁ ድንበር ላይ ሠፍረው፥ ነዳጁን እየበሉ ይራባሉ። ንፍጥ የመሰለ ዝቃጭ አበጅተው ፊልትሮውን ይደፍናሉ፤ ከሚያወጡትም አሲድ የተነሣ ብረቱ ይበላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት ተባብረው ትልቁን የጭነት መኪና ከመንገድ ያስቀሩታል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ ይቅርብን» ይሉ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ የስንፍና ፍርድ ነው። ይህ ነዳጅ መሬት ላይ ቢፈስ ከሌላው ናፍጣ ፈጥኖ የሚጠፋው እንዲህ ያሉት ተሕዋስያን ስለሚበሉት ነው፤ ታዲያ በሜዳ ያመሰገንነውን ጠባይ በበርሜል ውስጥ ስናገኘው ስለ ምን እንረግመዋለን? እንጀራም ይሻግታል፤ ነገር ግን ይሻግታል ብሎ እንጀራ መብላት የተወ ሰው የለም።

መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም፤ ከግርጌ የረጋውን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ፥ የአየር እርጥበት ወደ ውሃ እንዳይለወጥ ማጠራቀሚያውን ሞልቶ ማስቀመጥ፥ ነዳጁንም ብዙ ወራት ሳያቆዩ መጠቀም ነው።

ይልቁንም ሊታሰብበት የሚገባው ለክፉ ቀን ተብሎ የሚቀመጠው የሐኪም ቤት ጄኔሬተር ነው። ለወራት ያልተነካ ነዳጅ ለባክቴሪያ የተመቸ ቤት ነውና፥ መብራት በጠፋ ሌሊት፥ በሽተኛው በቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ሳለ፥ ሞተሩ አልነሣም ቢል ጥፋቱ የነዳጁ ሳይሆን የጠባቂው ነው። ስለዚህ ነገ መሐንዲስና መካኒክ የምንሆን ተማሪዎች፥ አዲስ ነገር መሥራትን ብቻ ሳይሆን የተሠራውን መጠበቅንም ከዛሬ ጀምረን ልንማር ይገባናል።