በቪየና የሚቆጠር ድምፅና በልደታ የሚጠበቅ ወረፋ

በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚሰጠው የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ብቸኛው ነበር። የካንሰር ታካሚ የሪፈራል ወረቀቱን ይዞ ከየትኛውም ክልል ቢነሣ መድረሻው እዚያው ነበር። አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረው ኮባልት-60 በተባለ የጨረር ምንጭ ላይ ሲሆን፣ የምንጩ ኃይል በየአምስት ዓመት ከሦስት ወሩ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ኃይሉ ሲቀንስ አንድ ታካሚ በማሽኑ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ ከበስተኋላው የሚጠብቀው ሰው ወረፋም አብሮ ይረዝማል። ምንጩን መተካት ደግሞ እንደ ሌላው የሕክምና ዕቃ በጨረታ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የላኪና የተቀባይ አገር ፈቃድ፣ የአጓጓዝ ደኅንነት እንዲሁም የባለሙያ ሥልጠና ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቴክኒካዊ ድጋፍ ሲሰጥ የቆየው ዋና መሥሪያ ቤቱ ቪየና የሚገኘው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነው። ስለዚህ የኤጀንሲው ዋና ዳይሬክተር ማን ይሁን የሚለው የዲፕሎማሲ ትግል ከልደታ የራቀ መስሎ ቢታይም በእርግጥ የራቀ አይደለም።

ኢትዮጵያ ኤጀንሲው ከተቋቋመበት ከ1957 ጀምሮ አባል ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተቋሙ ሁለት ሥራዎች አሉት። አንደኛው የኑክሌር ቁሳቁስ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል መቆጣጠር ሲሆን፣ ዜና የሚሆነው በአብዛኛው ይህ ነው። ሁለተኛው ቴክኖሎጂው ለጤና፣ ለግብርናና ለውኃ እንዲውል መደገፍ ነው። በቃሊቲ ተራብቶ በጨረር የሚመክን የቆላ ዝንብ ወደ ደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ ተልኮ የገንዲ በሽታን ለመከላከል የተደረገው ጥረት የዚህ የሁለተኛው ሥራ ፍሬ ነው። ሆኖም ቁጥጥሩ በአባላት ላይ በሚጣል የግዴታ መዋጮ ሲሠራ፣ የቴክኒክ ትብብሩ ፈንድ በበጎ ፈቃድ ከሚዋጣ ገንዘብ ይሰበሰባል። ለጋሾችን የማሳመን ሥራ በዋናነት የዋና ዳይሬክተሩ ነው። ለታካሚው የሰውዬው ማንነት ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋና ዳይሬክተሩን የሚሾመው ሠላሳ አምስት አገራት የሚቀመጡበት የገዥዎች ቦርድ ሲሆን፣ የሁሉም አባላት ጠቅላላ ጉባኤ ሹመቱን ያጸድቃል። ለማሸነፍ ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጉልህ ነው። በግንቦት 2017 ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም የተመረጡት ሦስት ዕጩዎች ለአባል አገራት ሁሉ ቀርበው ሲሆን፣ በመጨረሻው ዙር 133 ለ50 አሸንፈዋል። በዚያ መድረክ የአፍሪካ አገራት ብዛት ክብደት ነበረው። የአፍሪካ ኅብረትም ገና በጥር 2016 ድጋፉን መስጠቱ ለዘመቻው ሰፊ ጊዜ ሰጥቷል። በቪየና ግን የአፍሪካ መቀመጫዎች ጥቂቶች ስለሆኑ ብዛት ብቻውን አይሠራም።

የ2009ኙ ምርጫ ይህን ከሁሉም በላይ ያሳያል። የጃፓኑ ዩኪያ አማኖና የደቡብ አፍሪካው አብዱል ሳማድ ሚንቲ በመጋቢት ሲፎካከሩ፣ በርካታ ምዕራባውያን አገራት ከአማኖ ጎን ሲቆሙ የሚንቲ ድጋፍ በዋናነት በማደግ ላይ ካሉ አገራት የመጣ ነበር። አማኖ ቢመሩም አልተሳካላቸውም። ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በአንድ ድምፅ ቀሩ፤ የዕጩነት ጥቆማም እንደገና ተከፈተ። በሐምሌ ድጋሚ ድምፅ ሲሰጥ አማኖ ያገኙት 23 ነበር። አንድ አገር ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። ድምፅ የሰጡት 34 ሲሆኑ ሁለት ሦስተኛው ወደ 23 ወረደ፤ አማኖም አሸነፉ። ከመድረኩ ጀርባ ለወራት የተካሄደው ልመናና ድርድር ውጤቱ ይህች አንዲት ተዓቅቦ ነበረች። «ምንም አላልኩም» ማለት በዲፕሎማሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትልቅ ቃል ነው።

አማኖ በሐምሌ 2019 በሥራ ላይ እያሉ ሲያርፉ ቀጣዩ ፉክክር በጥድፊያ ተጀመረ። አራት ዕጩዎች ቀረቡ፤ ተጠባባቂ ሆነው የተሾሙት ሮማንያዊው ኮርኔል ፌሩታ፣ የአርጀንቲናው ራፋኤል ግሮሲ፣ የስሎቫኪያዋ ማርታ ዢያኮቫ እና የቡርኪና ፋሶው ላሲና ዜርቦ። ዜርቦ የኑክሌር ሙከራን ለማገድ የተቋቋመውን ድርጅት በቪየና ሲመሩ የቆዩ በመሆናቸው በብቃት የሚታሙ አልነበሩም። ይሁን እንጂ እርሳቸውም ዢያኮቫም በቀደሙት ዙሮች ከፉክክሩ ወጡ። በመጨረሻ ግሮሲ 24፣ ፌሩታ 10 ድምፅ አገኙ። ያኔ የኢራን ጉዳይ ጠረጴዛውን ሞልቶት ስለነበር፣ ዕጩዎቹ በይበልጥ የተመዘኑት በቁጥጥር አቋማቸው እንጂ ስለ ካንሰር ማሽን ባላቸው ዕቅድ አልነበረም።

አፍሪካ ወንበሩን አግኝታ አታውቅም ማለት ግን አይደለም። ግብጻዊው መሐመድ ኤልባራዳይ ከ1997 እስከ 2009 መርተዋል። ከኢራቅ ጦርነት ጋር በተያያዘ አሜሪካ ሦስተኛ የሥራ ዘመናቸውን ብትቃወምም በ2005 በስምምነት ተሹመው በዚያው ዓመት ከኤጀንሲው ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። ለካንሰር ሕክምና የተለየው መርሐ ግብር በ2004 የተጀመረው በእርሳቸው ዘመን ነው። አማኖ ካንሰርን የመጀመሪያ ዓመት ትኩረታቸው አደረጉት፤ ግሮሲ ደግሞ በየካቲት 2022 ለአፍሪካ ቅድሚያ የሚሰጠውን «የተስፋ ጨረሮች» የተባለውን ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ሦስቱም ለቁጥጥር ፖለቲካ ተመርጠው ለሕክምናም ሠርተዋል። ሥራው የቀጠለው ግን ተቀባይ አገራት ሳይታክቱ በመጠየቃቸው ጭምር ነው።

የኢትዮጵያ ጥያቄ ከዚህ በኋላ እየሰፋ ይሄዳል። መንግሥት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የመገንባት ዕቅዱን በመስከረም 2025 አስታውቆ በዚያው ወር ከሩሲያ ጋር በሞስኮ ሰነድ ተፈራርሟል። ማመንጫ የሚገነባ አዲስ አገር ከሕግ ዝግጅት እስከ ቦታ መረጣ የኤጀንሲውን ግምገማ ይሻል። በመሆኑም በቦርዱ ውስጥ ወዳጅ ማብዛት ከእንግዲህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይሆንም። የቦርዱን መቀመጫ ከ35 ወደ 43 ለማሳደግ በ1999 የጸደቀው ማሻሻያ በቂ አገራት ስላልተቀበሉት እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። ቁጥሩ እስኪሰፋ ድረስ የሚቀረው መንገድ በአፍሪካ ኅብረት የዕጩዎች ኮሚቴ በኩል በአንድ ስም ላይ ቀድሞ መስማማት ነው። ሁለትና ሦስት አፍሪካዊ ዕጩ በየፊናው የሚሮጥበት ልማድ ለተፎካካሪ እንጂ ለአህጉሩ አይጠቅምም።

የግሮሲ ሁለተኛ የሥራ ዘመን በታኅሣሥ 2027 ያበቃል። አርጀንቲና ግን በ2025 መጨረሻ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊነት በዕጩነት አቅርባቸዋለች። ያ ከተሳካ የቪየናው ወንበር አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ክፍት ይሆናል፤ አፍሪካ ዕጩዋን ለመምከር የሚኖራት ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል።