ቀን ፖስተኛ፣ ማታ ሳክስፎን ነፊ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዋይት ሐውስ አጥር ሥር ፎቶ፣ ሊንከን ሐውልት ሥር ሌላ ፎቶ፣ ቅዳሜ አውትሌት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እየተመላለሱ የዘመድ ምሳና የዘመድ እራት። በዚህ ሁሉ መሐል «ጃዝ የሚሰማበት ጥሩ ቤት ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ አስተናጋጆችን ግራ ያጋባል። «ምን ጃዝ ፈለግህ ጋሼ፣ ቅዳሜ እኮ ዘፋኝ ከአገር ቤት እየመጣ ነው!» ነበር የእህቴ ልጅ መልስ። ቆይቶ አዘነልኝ መሰለኝ ስልኩን አውጥቶ በኮከብ ብዛት የተደረደሩ ቤቶች አሳየኝ። አነበብኳቸው። ኮከቡን የሰጡት ሰዎች ስለ ሽሪምፑና ስለ አስተናጋጇ ፈገግታ በሰፊው ጽፈዋል፤ ስለ ከበሮው ግን አንድም ቃል የለም።

እንደ እኔ እንደ እኔ ዲሲ ላይ ጃዝ የሚፈልግ ሰው ከቤቱ በፊት ሰውየውን ይፈልግ። ሰውየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ሌላ እንጀራ ያለው ነው።

ዩ ስትሪት ከ14ኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ አንድ ረጅም ሕንፃ ግድግዳ ላይ የፖስታ ቤት ደንብ ልብስ የለበሰ ሳክስፎን ነፊ ተሥሎ ይታያል። በክ ሂል ነው። በ1927 (ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ዲሲ ተወለደ፤ ለረጅም ዓመታት ቀን ቀን በየቤቱ ደብዳቤ እያደለ ማታ ማታ ቴነር ሳክስፎን ነፋ፤ በ2017 ዐረፈ። በስሙ የወጣው የመጀመሪያ አልበም በ1978 የታተመው በአንድ የዴንማርክ ኩባንያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሰውየው ሃምሳን አልፎ ነበር። ዴንማርካውያን ባሕር ተሻግረው ያገኙትን ሰው ጎረቤቶቹ ያውቁት የነበረው በደብዳቤው ነው።

ሸርሊ ሆርንም የዚያው ከተማ ልጅ ናት። ፒያኖዋን ራሷ እየተጫወተች፣ ሌላው ዘፋኝ አንድ ስንኝ በሚጨርስበት ጊዜ ግማሹን ብቻ እየዘፈነች፣ በዝግታዋ አድማጭ ትንፋሹን እስኪውጥ ታስጠብቅ ነበር። በ1960 ማይልስ ዴቪስ ዘፈኗን ሰምቶ ኒው ዮርክ ድረስ አስጠራት፤ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው ክለብ ከእሱ በፊት መድረክ ላይ አወጣት። እሷ ግን ልጇን ለማሳደግ ብላ ዲሲን አልለቀቀችም፤ ዓለም እንደገና ያስታወሳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሮበርታ ፍላክ ደግሞ እዚያው ዲሲ አስተማሪ ነበረች፤ ካፒቶል ሂል ሚስተር ሄንሪስ በሚባል ምግብ ቤት ማታ ማታ ስትጫወት ቆይታ በ1969 የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ጃዝም አለው።

ከእኛም ወገን ጋሽ ኃይሉ መርጊያ አሉ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ የአዲስ አበባውን ሂልተን ያደምቁ የነበሩት። በ80ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀሩና በኋላ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ1985 የቀረጿት ካሴት በ2013 እንደገና ስትታተም ዓለም ዙሪያውን ጠራቸው። እስከዚያ ድረስ ከደለስ ሻንጣውን ጭነው ወደ ከተማ የወሰዱት ስንቱ ጃዝ ወዳድ ማን እንደሚነዳው ሳያውቅ ቀርቷል!

ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ኒው ዮርክ በመኪና የአራት ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ ስሙ እንዲጠራለት የሚፈልግ ሙዚቀኛ ወደዚያ ይነጉዳል። ዲሲ የሚቀረው ልጅ ያለው፣ ቋሚ ደመወዝና ጡረታ የሚፈልግ፣ ወይም ቀድሞውኑ ከተማውን የሚወድ ነው። ከተማዋ የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት፤ ሙዚቀኞቿም ከዚያው ወጡ። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ትልቅ ስም ፖስተር ላይ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን እሱን ፓሪስም ቶኪዮም ልታገኙት ትችላላችሁ። ማክሰኞ ማታ ከቢሮ ወጥቶ፣ ከረባቱን ፈትቶ፣ ቤዙን ተሸክሞ የሚመጣውን ሰው የምታገኙት ግን እዚያ ብቻ ነው።

እንዴት ይገኛል ለሚለኝ ሰው፣ እኔ የአንድ ቤት ድረ ገጽ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው የሙዚቀኞቹን ስም ነው። የዘፋኟን ብቻ አይደለም፤ የፒያኒስቱን፣ የቤዙን፣ የከበሮ መቺውን ጭምር። «ላይቭ ጃዝ ከ7 እስከ 10» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ቤት ጃዙን የሚያየው እንደ አየር ማቀዝቀዣው ነው፤ መኖሩን ይነግራችኋል፣ ማን እንደሠራው አይነግራችሁም። እንዲህ ካለው አንድ ቤት ገብቼ ትሪዮው ከቅርጫት ኳስ ጨዋታ ጋር ሲፎካከር አይቻለሁ። ቴሌቪዥኑ ከባንዱ ጀርባ ነበርና ኳስ በገባ ቁጥር ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ፒያኒስቱ ለእሱ መስሎት ጎንበስ ይል ነበር። ወይም እያሾፈብን ነበር፤ እስካሁን አልለየልኝም።

ስም ከተገኘ በኋላ ቀላል ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ጥሩ ከበሮ መቺና ጥሩ ቤዝ ተጫዋች ብዙ አይደሉም፤ ያሉትን ሁሉም ይሻማባቸዋል። አንድ ማታ የወደዳችሁት ከበሮ መቺ በሳምንት ውስጥ በተለያየ ቤት፣ ከተለያየ ሰው ጋር ይጫወታል። እሱ የተቀመጠበት ባንድ አይከፋም፤ ከደካማ ጋር መጫወት የሚያስገድደው ነገር የለማ! ቅዳሜ ማታ ደግሞ ባይሆን ይመረጣል። ቅዳሜ የልደትና የሙሽሮች ቀን ነው፤ ኬክ ይመጣል፣ ሻማ ይበራል፣ ቤዙ ሶሎ ሲጀምር ሁሉም ወሬውን ያነሣል።

ጆርጅታውን ያለው ብሉዝ አሊ ስሙ ሳይነሣ አይታለፍም። ከ1965 ጀምሮ ያለ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የተወሸቀ ቤት ነው። ዊንተን ማርሳሊስ እዚያ የቀረጸው ድርብ አልበም አለ። ኢቫ ካሲዲ በ1996 መጀመሪያ እዚያ ተቀርጻ፣ ዓመቱ ሳያልቅ በካንሰር ሞታ፣ ዓለም ያወቃት ከሞተች በኋላ ነው፤ እሷም የአካባቢው ልጅ፣ ቀን ቀን ችግኝ ጣቢያ ተቀጥራ የምትሠራ ነበረች። ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ ሲጀመር ወሬ ይቆማል፤ ይህን እወድለታለሁ። ሂሳቡን ግን ቀድማችሁ አስሉ። በመግቢያው ላይ የግድ መታዘዝ ያለበት ምግብና መጠጥ፣ በዚያ ላይ ታክስ፣ በዚያ ላይ ቲፕ ሲደመር ትኬቱ ላይ ያያችሁት ቁጥር ያስቃችኋል። ጆርጅታውን ሜትሮ ስለሌለውም የታክሲ ይጨመራል። ለአንድ ማታ፣ የምትወዱት ሰው ሲመጣ፣ ክፈሉት። በየሳምንቱ የሚሆን አይደለም።

በየሳምንቱ የሚሆነው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሳውዝዌስት በሚባለው ሰፈር፣ ከወተርፍሮንት ሜትሮ ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ ዌስትሚንስተር የሚባል የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ1999 ጀምሮ ዓርብ ማታ ከ6 እስከ 9 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር) ጃዝ ይጫወትበታል። መግቢያው ጥቂት ዶላር ነው፤ ጆርጅታውን ከምትከፍሉት ጋር አይወዳደርም። ምድር ቤቱ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣል። መጠጥ የለም፣ ደብዛዛ መብራት የለም፣ የሚታጠፍ ወንበርና ጥሩ ፒያኖ አለ። የእህቴን ልጅ ይዤው ልሄድ ስል ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ «ቤተ ክርስቲያን? ዓርብ? ጃዝ?» ለእኛ ዓርብ ጾም መሆኑ ሳያንስ በመቅደስ ሳክስፎን ሲባል ይከብዳል፤ አልፈረድኩበትም።

ግን አድማጩን አይታችሁታል? አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ባርኔጣ የደፉ፣ ጫማቸውን ያስጠረጉ፣ አንዳንዶቹ በክ ሂልን በዓይናቸው ያዩ፣ ከበሮ መቺውን ከነእናቱ የሚያውቁ። ሶሎው ጥሩ ከሆነ መሐል ላይ ድምፅ ያሰማሉ፤ ካልሆነ በጨዋነት ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ከጩኸት ይልቅ ይጠብሳል። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው እዚህ እንግዳ አይሆንም። አዝማሪው ስንኝ ሲቀበልና አድማጭ ሲያቀብል እንዳየነው፣ እዚህም አድማጩ የጨዋታው ግማሽ ነው። ጥሩ ቤት የሚባለው መብራቱ ያማረው ሳይሆን እንዲህ ያለ ጆሮ የሚሰበሰብበት ይመስለኛል፤ ሙዚቀኛ የሚሰሙት ሰዎች ፊት ሰነፍ መሆን ያፍራላ። የእህቴ ልጅ ዓሣውን በልቶ እስኪጨርስ ስልኩን አየ፤ ትሮምቦኑ ሲጀምር ኪሱ ከተተው። ከዚያ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ወደ ዩ ስትሪት ልመለስ፤ እዚያ ላይ ለእኛ ለሐበሾች አንድ ቅሬታ አለኝ። ዱክ ኤሊንግተን በ1899 ዲሲ ተወልዶ ያደገው በዚያው አካባቢ ነው። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሲቀበልና ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሲገናኝ የሞተበት ዓመት ሊገባ የቀረው ጥቂት ነበር። ዩ ስትሪት በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ተቃጠለ፤ ለብዙ ዓመታት ሳያገግም ቆይቶ ሜትሮው በ1991 ሲከፈት መነቃቃት ጀመረ፤ ከዚያም የእኛ ምግብ ቤቶች ገቡበት። በ2000 ደግሞ ሁለት ኢትዮጵያውያን መንታ እህትማማቾች ትዊንስ ጃዝ የሚባል ቤታቸውን እዚያ ከፈቱ። እንጀራም ጃዝም በአንድ ጣሪያ ሥር፤ የከተማው ወጣት ሙዚቀኞች የመጀመሪያ መድረክ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ተዘጋ። ያ ቤት በኖረበት ሃያ ዓመት፣ ከጎኑ ባሉት ምግብ ቤቶቻችን ጥብሳችንን እየበላን ስለ ኢትዮ ጃዝ ዓለም አቀፍ ዝና ስናወራ ያመሸነው ሰዎች ስንቶቻችን ደረጃውን ወጥተን መግቢያ ከፈልን? ስለ ሙላቱ መኩራት ነጻ ነው፤ ትኬት ግን ዋጋ አለው።

ቤት ይሞታል፤ ይህን ለምደነዋል። ዩ ስትሪት ላይ በ1926 የተከፈተው ቦሂሚያን ካቨርንስ በ2016 ተዘጋ። እኛም ዘንድ ጣይቱ ሆቴል በ2015 ሲቃጠል ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤት አብሮ ነደደ። የጉዞ መጽሐፍና የድሮ ዝርዝር ግን የሞተውንም ቤት ከነስልክ ቁጥሩ ይዞ ይቆያል። የዚህን ወር ካላንደር ያላወጣ ቤት በር ላይ ለመቆም ባቡር አትሳፈሩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ ቀይ መስመር ይዞ፣ ፎርት ቶተን ወርዶ አረንጓዴውን ከተሳፈረ ዩ ስትሪትም ወተርፍሮንትም እዚያው መስመር ላይ ናቸው፤ ሚስተር ሄንሪስ ለሚሄድ ኢስተርን ማርኬት ነው። ዕረፍት ሲሆን ሙዚቀኞቹ ወደ ኋላ አይሸሹም፤ በሩ አጠገብ ቆመው ውኃ ይጠጣሉ። ሄዳችሁ ሰላም በሏቸውና «በሚቀጥለው ሳምንት የት ትጫወታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስልክ ላይ የሌለ ቤት፣ የሆነ ሰው ሳሎን፣ የሆነ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይነግሯችኋል። አጠገባቸው ሲዲ ከተደረደረ ደግሞ አንድ ግዙ፤ ሲዲ ማጫወቻ የለኝም ማለት ምክንያት አይሆንም፣ የሙዚቀኛው የማታ ድርሻ ብዙ ጊዜ ለነዳጅና ለመኪና ማቆሚያ ነው የሚበቃው። ዝርዝር ዶላር ያዙ።