ዕውቀትን መካድ ለሃይማኖት መቆርቆር አይደለም

የዒድ አል ፈጥር በዓል ጨረቃ ታይታ የሚከበር እንደመሆኑ፣ ስለ ሰማይ አካላት የተነገረውን አንድ ታላቅ ትምህርት በዚህ ዕለት ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ632 የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ልጅ ኢብራሂም ባረፈ ጊዜ ፀሐይ ተጋረደች። ሕዝቡም ግርዶሹን ከሕፃኑ ሞት ጋር አያያዘው። ነቢዩ ግን በመሪር ሐዘን ላይ ሳሉም ይህን አልተቀበሉም። ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንጂ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ሲሉ የማይጋረዱ መሆናቸውን አስተማሩ።

ኢማም አል ጋዛሊ (1058–1111) ፈላስፎችን አጥብቀው በተቹበት መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር፣ የግርዶሽ ምክንያት በስሌት የተረጋገጠ በመሆኑ ይህን በሃይማኖት ስም የሚሞግት ሰው የሚጎዳው ሃይማኖቱን ነው ብለዋል። ማስረጃውን ያወቀ ሰው ማስረጃውን ሳይሆን ሃይማኖቱን ወደ መጠራጠር ያዘነብላልና።

ይህ ምክር ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል ሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ አሳይታናለች። የቦኮ ሐራም መሥራች ሙሐመድ ዩሱፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ለቢቢሲ በሰጠው ቃለ ምልልስ የምድርን ክብነትም ሆነ ዝናብ በፀሐይ ከተነነ ውኃ የሚመጣ መሆኑን ከእስልምና ጋር ይቃረናል በማለት ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት በፖሊስ እጅ ሳለ ተገደለ። ተከታዮቹም እ.ኤ.አ. በ2014 ከቺቦክ ትምህርት ቤት 276 ልጃገረዶችን አፍነው ወሰዱ። በአካባቢው የሰፈነው ድህነትና የአስተዳደር በደል ለቡድኑ ወጣቶችን ማስገኘቱ አይካድም። ብሶቱን በትምህርት ቤት ላይ እንዲያነጣጥር ያደረገው ግን ይህ የተዛባ ትምህርት ነው።

ዩሱፍን በአደባባይ ፊት ለፊት የሞገቱት የራሳቸው የናይጄሪያ ኡለማዎች እንደነበሩ ልብ ይሏል። ከእነዚህ አንዱ የሆኑት ሸኽ ጃዕፈር ማሕሙድ አደም እ.ኤ.አ. በ2007 በካኖ ከተማ የንጋት ሶላት በማሰገድ ላይ ሳሉ በታጣቂዎች ተገድለዋል።

በሌላ በኩል፣ እያንዳንዱን አዲስ ግኝት በቁርኣን ውስጥ አስቀድሞ ተጽፏል ለማለት መሽቀዳደምም መድኃኒት አይሆንም። የአንዳሉሱ ሊቅ አል ሻጢቢ (እ.ኤ.አ. በ1388 ያረፉ) ከቁርኣን የየሙያውን ዕውቀት ሁሉ ለማውጣት መሞከርን ነቅፈዋል። የዛሬው የሳይንስ ድምዳሜ ነገ ሊሻሻል ይችላል። እምነትን በእርሱ ላይ ማቆም ቤትን በሚንሸራተት መሬት ላይ እንደመሥራት ነው።

ስለሆነም የጥፋት አስተሳሰብን በጦር መሣሪያ ብቻ መመከት አይቻልም። ልጆች በመድረሳም ሆነ በመደበኛ ትምህርት ቤት የግርዶሹን ታሪክና የጋዛሊን ምክር አብረው ቢማሩ፣ ነገ በሃይማኖት ስም መጽሐፍህን ጣል የሚላቸውን ሰው ከገዛ ሃይማኖታቸው በሚቀዳ መልስ ያሳፍሩታል።

መልካም በዓል!