ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሁለት ፊት የለውም

ሰሞኑን በየገጹ የሚወረወር አንድ ስድብ አለ፤ «እሱ እኮ ባለ ሁለት ምላስ ነው»። ድሮ ይህ ቃል ለአስመሳይ ሰው ነበር የሚውለው። አሁን ግን ከእናቱ አንድ ቋንቋ፣ ከአባቱ ሌላ ቋንቋ የወረሰ ወጣት ሁሉ እየተሰደበበት ነው። ከእኛ ጋር ሲሆን ጨዋ ነው፣ ከእነሱ ጋር ሲሆን ሳቁም ድምፁም ይቀየራል፣ ስለዚህ አይታመንም ይባላል። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን የሚጽፉት ከሌላ ሰፈር የመጡ ሰዎች ሳይሆኑ የእኛው ተከታዮች መሆናቸው ነው። እስቲ ወገን፣ በእርጋታ እንነጋገርበት።

ሰው ቋንቋ ሲቀይር ጠባዩም የተቀየረ የሚመስል መሆኑን አንክድም። ክህደት ነው የሚለውን ግን አንቀበልም። እኛ የአንድ ሰው ጠባይ ብለን የያዝነው ነገር ብዙ ጊዜ የሚነግረን ሰውየውን በየትኛው ቋንቋ እንዳገኘነው ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ይህን አይቶታል። ዶርም ውስጥ ስድስት ልጅ ይመደባል፤ አንዱ ከአርሲ ወይ ከባሌ ገጠር የመጣ ነው፤ አማርኛው ገና ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጥግ ይዞ ያነባል። ሲጠየቅ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ያበቃል። ዝምተኛ ነው፣ ኩሩ ነው፣ ምናልባትም ይጠላናል ተብሎ ይደመደማል። ከዚያ አንድ ማታ ከቤት ይደወልለታል። ኮሪደር ላይ ወጥቶ በኦሮምኛ ሲያወራ ሌላ ሰው ነው! ይቀልዳል፣ የሆነ ሰው ድምፅ እያስመሰለ ይተርካል፣ በሳቅ ይንከተከታል። ያ ልጅ ዝምተኛ አልነበረም። ዝምተኛ የሆነው በአማርኛ ብቻ ነው።

ለምን ዝም አለ? መልሱ ብዙ ጊዜ እኛው ጋ ነው። በኦሮምኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ነው፤ «አቲ»። ታላቅን ለማክበር «ኢሲን» ይባላል፣ እሱም ወንድና ሴት አይለይም። አማርኛ ግን ገና አፍህን ከመክፈትህ በፊት የምታናግረው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ እኩያህ ይሁን ታላቅህ ወስን ይልሃል፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ወንድ «ነይ» አለው። ዶርሙ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ አፉን ለመክፈት ሁለቴ ያስባል፤ ቀልድ ደግሞ ሁለቴ ታስቦበት አይነገርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ከዶርም ሳቅ ግን አያድንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ተመርቀን ሥራ የምንፈልግ ልጆች በእንግሊዝኛ ያ የዶርም ልጅ ነን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ አንዳንዱ ጋ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል። ግን ምን ዓይነት እንግሊዝኛ? የፈተና እንግሊዝኛ። «ዘርዝር»፣ «አብራራ»፣ «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ»። በእንግሊዝኛ ተቆጥተን አናውቅም፣ ዋጋ ተከራክረን አናውቅም፣ ጀንጅነን አናውቅም (እሺ፣ በቴክስት የሞከረ አለ)። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ያለን ሰውነት የተማሪ ሰውነት ነው፤ እስኪጠየቅ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ፣ እንዳይሳሳት የሚፈራ። ቋንቋን የተማርክበት ቦታ በዚያ ቋንቋ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆን ይወስናል።

ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠርቶኝ ነበር። ሦስት ጠያቂዎች፣ ሦስቱም ሀበሾች፣ ጥያቄው በሙሉ በእንግሊዝኛ። «ከሌሎቹ አመልካቾች አንተን ለምን እንምረጥ?» አሉኝ። ጥያቄው ራሱ በአማርኛ ነውር ነው እኮ! በእኛ ቤት ሰው ስለ ራሱ «እኔ እበልጣለሁ» አይልም፤ ሌላ ሰው ይልለታል። ጨዋ ልጅ «እግዜር ከረዳኝ እሞክራለሁ» ነው የሚለው። ይህን የልጅነት ጨዋነት ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትገለብጠው የማይተማመን ሰው ይወጣሃል። መልሱ በኋላ በሰው በኩል መጣ፤ «ኮንፊደንስ ይጎድለዋል»። እነዚያ ሦስት ሰዎች ይሉኝታ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን እነሱም በእንግሊዝኛ ሌላ ሰው ሆነው ነበር።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሱዛን ኤርቪን-ትሪፕ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ አሜሪካዊ አግብተው እዚያው የሚኖሩ ጃፓናውያን ሴቶችን አጠናች። የተጀመረ ዓረፍተ ነገር እየሰጠች ጨርሱ ትላቸዋለች፤ አንድ ቀን በጃፓንኛ፣ ሌላ ቀን በእንግሊዝኛ። ፍላጎትሽ ከቤተሰብሽ ፍላጎት ጋር ሲጋጭ ምን ይሆናል ለሚለው አንዲቷ ሴት በጃፓንኛ ስለ ትልቅ ሐዘን ተናገረች፣ በእንግሊዝኛ ግን የፈለግኩትን አደርጋለሁ አለች። ያቺው ሴት ናት! እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቱርክኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎችን ቆዳ በመሣሪያ ለክቶ፣ በልጅነት የምንሰማው ዓይነት ተግሣጽ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲነገር ሰውነት ይበልጥ እንደሚደነግጥ አሳይቷል። እናትህ «አንተ!» ብላ ስትጮህ የሚሰማህንና ባዕድ አለቃ በእንግሊዝኛ ሲቆጣህ የሚሰማህን አስተያየው።

የወሎ ልጆች ደግሞ ከዐረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችንን ታውቃላችሁ። ዐረብኛቸው ይፈሳል። ግን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የትእዛዝ ዐረብኛ ነው። «ተዓሊ» ነይ፣ «ጂቢ» አምጪ፣ መልሱ ደግሞ «ሃዲር»። ቋንቋውን ወጥ ቤት ውስጥ ከላይ ወደ ታች ሲነገር ነው የተማሩት። የሰፈራችን አንዲት እህት ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርታ የመጣች ናት። በአማርኛ እድር ላይ ስትናገር ወንዱ ሁሉ ጸጥ ይላል፣ ገንዘብ ያዥ አድርገዋታል። የድሮ አሠሪዋ ስትደውል ግን ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ትከሻዋ ይሰበሰባል፣ ስልኩን በሁለት እጅዋ ትይዘዋለች። ታዲያ እሷንም ባለ ሁለት ፊት እንበላት?

እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ጋም ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓዘ። ዕብራይስጥ ወንድና ሴት ይለያል፣ በዕለት ተዕለት ንግግሩ ግን «አንቱ» የለውም፤ ተማሪ መምህሩን በስሙ ነው የሚጠራው። ታላቅ ፊት ዓይን መስበርን ከቤቱ የተማረ ልጅ ክፍል ውስጥ አንገቱን ሲደፋ «ደካማ ነው፣ አይሳተፍም» ተባለ። ልጆቹ ቋንቋውን ቶሎ ያዙ፣ ወላጆች ዘገዩ። ስለዚህ በየክሊኒኩና በየቢሮው ልጅ ለአባቱ አስተርጓሚ ሆነ። በአማርኛ ወይም በትግርኛ የቤቱ ራስ የነበረ ሰው በዕብራይስጥ የልጁን አፍ የሚጠብቅ ሆነ። ይህ ስንት ቤት እንዳናወጠ እዚያ ያሉ ወገኖች ይንገሩን።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብን። ቋንቋ ብቻውን ሰው አይጠፈጥፍም። ድሬዳዋ ሂድ፤ ትልቅ ሰው «አንተ» ሲባል ብትሰማ እንዳትደነግጥ። ያው አማርኛ ነው፣ «አንቱ»ም መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አለ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ባንድ ጠረጴዛ የሚነገርበት ከተማ ግን አክብሮቱን በሌላ መንገድ ይገልጻል። ጎንደር ላይ ያንኑ ብትል ጥፊ ነው። ቃሉን የሚያከብደው የሚነገርበት ሰፈር ነው፤ ስለዚህ «ኦሮምኛ እንዲህ ያደርጋል፣ አማርኛ እንዲህ ያደርጋል» እያሉ የሕዝብ ጠባይ የሚደነግጉ ልጥፎችን አትመኑ። የኛ ወገን ጽፎት እንኳ ቢሆን!

ሁለት ቋንቋ የያዘ ሰው ያለውን ነገር ማየት የፈለገ ሰኞ ባቲ ገበያ ይዋል። አፋሩ ከግመሉ ጋር ይወርዳል፣ ኦሮሞውና አማራው ከየቀበሌው ይመጣል። ደላላው ዋጋውን በአፋርኛ ይጠራል፣ ዞር ብሎ ከጓደኛው ጋር በኦሮምኛ ይማከራል፣ ለገዢው በአማርኛ «ወላሂ አያዋጣኝም» ይላል። በየቋንቋው አኳኋኑ ሌላ ነው፤ በአንዱ ቆፍጣና፣ በሌላው ተለማማጭ። ማንም ግን ከሃዲ አይለውም። ሰዎች ሲጋጩም መጀመሪያ የሚጠራው እሱን የመሰለ ሰው ነው፤ የሁለቱንም ቁጣ ከነቃናው የሚሰማ እሱ ብቻ ነዋ። እዚህ ገጽ ላይ አንደኛውን ወገን ብቻ እየሰሙ ከሚፎክሩት መሃል ይህን ሥራ የሚሠራ አንድም የለም።

ፀጋዬ ገብረ መድኅንን የማይወድ የኛ ተከታይ አለ? አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለደ፣ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ። ግዕዝ ተማረ፣ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ ሐምሌትንና ኦቴሎን አማርኛ አናገራቸው። አማርኛው ውስጥ ያ የሚያንቀጠቅጥ ኃይል ከየት እንደመጣ ምሁራን ይከራከሩ። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ዛሬ በሃያ ሁለት ዓመቱ ፌስቡክ ቢከፍት ስንቶቻችን «ባለ ሁለት ምላስ» ብለን እናባርረው ነበር?

ቋንቋችንን እንወዳለን፣ ይህን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አንጠይቅም። ግን አማርኛ እንዲወደድ የምትፈልግ ልጅ፣ በአማርኛ የተሳሳተውን ስትስቅበት አንድ የአማርኛ ተናጋሪ እንደቀነስክ ዕወቅ። «ነይ» ያለህን ልጅ «ና ነው የሚባለው፣ በእናንተ እንዴት ነው?» ብትለው ሁለታችሁም አንድ ቃል ይዛችሁ ትተኛላችሁ።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቋንቋው ወይም በእናቱ ቋንቋ ምክንያት ሰውን «ባለ ሁለት ምላስ»፣ «ቅልቅል» እያለ የሚሳደብ አስተያየት ከገጹ ይነሳል። የደገመ ይታገዳል፣ የቱንም ያህል አንጋፋ ተከታይ ቢሆን። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በአገውኛ ወይም በአርጎብኛ የሚጽፍልን ካለ በጻፈበት ቋንቋ እንለጥፋለን፣ ከሥሩ አማርኛውን እናስከትላለን። መተርጎም የምትችሉ ልጆች በውስጥ መስመር ስማችሁንና የምትችሉትን ቋንቋ ላኩልን፤ ክፍያ የለውም፣ እኛም ሥራ አጥ ነን።