ልጅዎ የሠራው ቤት የማን ነው?

«ክለብ ፔንግዊን» የሚባል የልጆች የኢንተርኔት ዓለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዲዝኒ ገዛው። ልጆች በፔንግዊን መልክ እየገቡ ቤታቸውን ያሳምራሉ፣ «ፓፍል» የተባሉ ድቡልቡል እንስሳት ያሳድጋሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ይውላሉ። ሁሉም ነገር እንዲከፈትለት የሚፈልግ ልጅ ወላጅ በየወሩ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ድርጅቱ ዘጋው። ቤቱም፣ እንስሳቱም፣ ልብሱም አብረው ጠፉ። ምትክ ተብሎ የተከፈተው አዲሱ ዓለምም ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ተዘጋ።

ይህን የማነሳው ዛሬ ብዙ ልጆች ሮብሎክስ ውስጥ ከተማ ሲገነቡ ስለሚውሉ ነው። ሮብሎክስ ይዘጋል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ልጁ የገነባው ከተማ የሚቆመው በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ በ«ሮበክስ» የተገዛ ልብስም ወደ ሌላ ጨዋታ ይዘውት አይሄዱም። የኪራይ ቤት ማለት ነው፤ ቀለም ቢቀቡት፣ መጋረጃ ቢሰቅሉበት ባለቤቱ አከራዩ ነው።

ክፍት የሆነ ሌላ መንገድ አለ። «ሉዋንቲ»ን ይመልከቱ። ፊንላንዳዊው ፔርቱ አሆላ እ.ኤ.አ. በ2010 «ማይንቴስት» ብሎ ጀመረው፤ በ2024 ስሙ ተቀየረ። የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፣ በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል፣ አያስከፍልም። ማይንክራፍት የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይገባዋል፤ በኩብ በኩብ መቆፈርና መገንባት ነው። መጀመሪያ ጨዋታዎቹን ከውስጡ መርጦ ማውረድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ላፕቶፕ አስተናጋጅ ይሆናል፣ የቀሩት በቤቱ ዋይፋይ ይገቡበታል። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም፣ ፓኬጁ ቢያልቅም ጨዋታው ይቀጥላል። (መብራት ከጠፋ ግን ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ለእሱ መላ የለኝም።) ልጆቹ የገነቡት ዓለም ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር ነው። በፍላሽ ገልብጠው አክስታቸው ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ማይንክራፍት መሀል ላይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው የኩባንያ ንብረት ነው፤ ሆኖም «ጃቫ» የሚባለው የኮምፒውተር ቅጂ የራስዎን ሰርቨር እንዲያቆሙ ይፈቅዳል።

ክፍት የሆነ ሁሉ ለልጅ ይመቻል ብዬ ግን አልከራከርም። ሮብሎክስ መልእክት የሚያጣራበት መንገድና የወላጅ መቆጣጠሪያ አለው፤ የሚጠቀሙበት ካሉ ይጠቀሙበት። በክፍቱ ዓለም ሕጉን የሚያወጣው ሰርቨሩን ያቆመው ሰው ነው። የማያውቁት ሰው ሰርቨር ላይ ልጅዎ ቢሰደብ አቤት የሚሉበት ቢሮ የለም። ስለዚህ ትንንሾቹ በቤት ሰርቨር ብቻ ቢጫወቱ እመርጣለሁ። ሌላው ችግር ጓደኛ ነው። ልጅ ኮዱ ክፍት ነው ተብሎ የትም አይሄድም፤ የክፍሉ ልጆች ያሉበት ነው የሚሄደው። ሉዋንቲ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል። የአጎትና የአክስት ልጆች በተሰበሰቡበት ቅዳሜ ማስጀመር ይሻላል።

በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል፤ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። ፎልደሩን ግን በወር አንድ ጊዜ ፍላሽ ላይ ይገልብጡት፤ ላፕቶፕም ይበላሻል።