«በመርህ ደረጃ» ንስሐ

የአንግሊካን ምዕመን ነኝ። እናቴ ደብሬን እስከ ዛሬ «የእንግሊዞቹ ቤት» ነው የምትላት፤ ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣላትም። ማዕተብ አስሬ ያደግሁ ሰው ለንደን፣ ሰፈሬ ካለችው ደብር የገባሁት ብርድ አባሮኝ ነበር። ያስቀረኝ ግን ንስሐዋ ነው። እኛ ዘንድ ንስሐ በጆሮ ነው፤ አንተና የንስሐ አባትህ ብቻ። እዚህ እሑድ እሑድ ጌታውም ወለል ጠራጊዋም እኩል ተንበርክከው በአንድ ድምፅ በደላቸውን ይናገራሉ፤ የሠሩትን ብቻ ሳይሆን መሥራት ሲገባቸው የተዉትንም ጭምር። የመጀመሪያው ዕለት አለቀስኩ። ከዓመታት በኋላ ያው ጸሎት ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ጀመር።

ምክንያቱ አንድ ታቦት ነው።

የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ በሚጭኑበት በዌስትሚንስተር አቤይ፣ ያውም በእመቤታችን ስም በተሰየመው ጸሎት ቤት፣ መንበሩ ላይ የመቅደላ ታቦት ተገጥሞበታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሰበረ። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ወታደሩ የመቅደላን መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ገፈፈ። ምርኮው 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ወጣ። ያገሬ ምዕመን ታቦት ሲያልፍ መሬት ስሞ ይሰግዳል፤ እዚያ ሜዳ ላይ ግን ዋጋ ተጠራ።

ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ አዛውንት «ቴዎድሮስስ ከጎንደር ዘርፈው አይደል መቅደላ ያከማቹት?» አሉኝ። እውነት ነው። ጎንደርን የዘረፉትም ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው፤ እኛ ደግሞ ይህን መስማት አንወድም። ግን ከሌባ የሰረቀ ከመቼ ወዲህ ነው ባለንብረት የሆነው?

የብሪታንያ ሙዚየም 11 ታቦት ይዞ «የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ እንዳልመልስ አሰረኝ» ይላል። ሰበብም ቢሆን ሰበብ ነው። አቤዩን ግን ያ ሕግ አይነካውም። በጳጳስ ሥር እንኳ አይደለም፤ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለዘውዱ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2023 ከባሪያ ንግድ ጋር ለነበራት ትስስር 100 ሚሊዮን ፓውንድ እመድባለሁ ስትል አጨብጭቤያለሁ። እሰየው። የሐራጅ ዕቃን ለመመለስ ግን የሚያስፈልገው መፍቻና ሣጥን ነው። አቤዩ በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) የሰጠን መልስ ምን ነበር? «በመርህ ደረጃ» ለመመለስ ተስማምተናል!

በ156 ዓመት «በመርህ ደረጃ»! ማመልከቻ ይዞ ቀበሌ የተመላለሰ ሁሉ ይህችን ሐረግ ያውቃታል። ትርጉሟ «ነገ ተመለስ» ነው። ዘኬዎስ ከሾላው ወርዶ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል በመርህ ደረጃ አላለም። የንስሐ አባቴ ቢሆኑ ኖሮ «መጀመሪያ የሰውየውን በግ መልስ፣ ከዚያ ና» ባሉኝ ነበር።

ዊንዘር ደግሞ የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አለ። በ7 ዓመቱ ወሰዱት፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ባሕር ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞቱበት፤ እሱም በ1879 (እ.ኤ.አ.) በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ አረፈ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት መታሰቢያው ላይ የቀረጹለት ጌታ በማቴዎስ ወንጌል እንግዳን ስለ መቀበል የተናገረውን ቃል ነው። አባቱን ከብበህ፣ ቤቱን ዘርፈህ፣ ልጁን በመርከብ ጭነህ ስታበቃ «እንግዳ» ትለዋለህ? አጽሙን ስጡን ሲባል ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ የሌሎች ሙታን ዕረፍት ይታወካል የሚል ነው። የእሱ ዕረፍትስ?

እኔስ ብሆን። ስንት እሑድ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ብስኩቴን ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ስለ አየር ጠባይ አውርቻለሁ! ጥሩ እንግዳ ልባል ብዬ። መሥራት ሲገባኝ የተውኩት ይኸው ነው፤ ተንበርክኬ በጅምላ ስናዘዘው የኖርኩት፣ በስሙ ጠርቼው የማላውቀው። ሰዎች በእምነት ማደግን ከመርጋት ጋር ያምታቱታል። እኔ ሻይዬን አስቀምጬ ለአዛውንቱ የመለስኩላቸው ዕለት ነው አንድ ጋት ያደግሁት። ደብሩንም አልለቅም፤ ንስሐን ያስተማረችኝን ቤት ንስሐ ግቢ ማለት መብቴ ነው።

አይቻልም የሚለኝ ካለ ኤድንብራን ይጠይቅ። እዚያ የቅዱስ ዮሐንስ ደብር፣ የዚሁ የአንግሊካን ቤተሰብ ደብር፣ ጆን ማክለኪ የተባሉ ካህን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ታቦት አገኙ። ምንነቱን አወቁ። ያገኙት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ2002 አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡ በእልልታ ወጥቶ ተቀበለው።